ቤት የሠራነው የባትሪ ሳጥን ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

መብራት በሄደ ቁጥር ዋይፋዩን፣ ላፕቶፑንና አንድ ሁለት አምፖል የሚያቆይ ሳጥን በገዛ እጃችን የገጣጠምን ሰዎች በዝተናል። ሳጥኑ ሲያስቸግር ግን መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። የመጀመሪያው ሳጥኔ ጭነት ሲበዛበት እየጮኸ ሲጠፋብኝ እኔም «ባትሪው አልቆበታል» ብዬ አራት አዳዲስ ሴሎች ገዛሁ። ሴሎቹ ተቀየሩ፣ ጩኸቱ ግን እንዳለ ቀረ። ጥፋቱ ኋላ ላይ የተገኘው በፒንሳ ብቻ ተጨፍልቆ በታሰረ አንድ የገመድ ጫፍ ላይ ነው። ለዚያ የከፈልኩት ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዳይከፍለው ነው።

የማወራው በብዛት ስለሚሠራው ሳጥን ነው፦ አራት የሊትየም አይረን ፎስፌት ሴሎች በተከታታይ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪ ጠባቂ ሰርኪት፣ ፊውዝ፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው) እና ቻርጀር። ቮልቴጅ ከሚለካው መልቲሜትር ሌላ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመጀመራችሁ በፊት ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ፤ የመፍቻውንና የካቻቢቴውን ብረት እስከ ጫፉ ድረስ በቴፕ ጠቅልሉ። 12 ቮልት ሰው አይነዝርም፤ ፕላስና ማይነሱ በብረት ቢገናኙ ግን ብረቱን ያቀልጠዋል።

ጭነት ሲሰጠው ይጮሃል፣ ከዚያ ይጠፋል

በጣም የተለመደው ችግር ይህ ነው። አብዛኛው የ12 ቮልት ኢንቨርተር የሚገባለት ቮልቴጅ ወደ 11 ሲወርድ ይጮሃል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ጥያቄው «ቮልቴጁ የት ጠፋ?» የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ሳጥኑ እየሠራ ሲለካ ብቻ ነው። ያለ ጭነት ከለካችሁት ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

ጭነቱን አብሩና መጀመሪያ ባትሪው ተርሚናል ላይ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ለኩ። ባትሪው ላይ 13፣ ኢንቨርተሩ ላይ 11.8 ካነበባችሁ 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ባትሪው ንጹሕ ነው። አሁን መልቲሜትሩን ከፊውዙ ወዲህና ወዲያ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው ወዲህና ወዲያ፣ ከእያንዳንዱ ብሎን ወዲህና ወዲያ እያደረጋችሁ ለኩ። ደህና መገናኛ የቮልት መቶኛዎች ብቻ ያሳያል። ግማሽ ቮልት ያሳየው ቦታ ጥፋተኛው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ብሎኑን ፈታችሁ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት አጽዱና አጥብቁት። የገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባውን ባለ ቀዳዳ መዳብ በትክክለኛው መጭመቂያ አስጨምቁት፤ ፒንሳ አይበቃም።

መገናኛዎቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ ገመዱን ተጠራጠሩ። ባለ 500 ዋት ኢንቨርተር ሙሉ ጭነት ላይ ከ40 አምፔር በላይ ይስባል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የቤት ገመድ፣ አንድ ሜትር ሄዶ አንድ ሜትር ሲመለስ፣ በ40 አምፔር ከግማሽ ቮልት በላይ ይበላል፤ 22 ዋት ገደማ ደግሞ ገመዱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ16 ካሬ ብትቀይሩት ኪሳራው ከ0.1 ቮልት በታች ይወርዳል። ስትገዙም ጫፉን በምላጭ ፋቁት። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ አትውሰዱት። ከላይ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን መዳብ ነው፣ አትፍሩት።

ባትሪው ተርሚናል ላይ ራሱ ቮልቴጁ ከወደቀ፣ ያኔ ብቻ ወደ ሴሎቹ ሂዱ። ጭነት እያለ አንድ በአንድ ለኩ፤ ሦስቱ 3.2 አካባቢ ቆመው አንዱ ወደ 2.7 ከወረደ ደካማው እሱ ነው። ጩኸቱ ፍሪጅ ወይም ጁስ መፍጫ ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ብልሽት የለም። ሞተር ሲነሳ ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ስለሚጠይቅ ኢንቨርተሩ አንሶታል ማለት ነው።

ሙሉ በሙሉ ሞተ፣ መውጫው ዜሮ ያሳያል

ክዳኑን ክፈቱና የአራቱን ሴሎች ድምር ለኩ። ድምሩ 13 አካባቢ ሆኖ መውጫው ዜሮ ከሆነ ፊውዙን እዩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ቢኤምኤሱ ዘግቷል። ጭነቱን ሁሉ አላቁና ቻርጀር ሰኩበት፤ ብዙዎቹ የሚከፍቱት በዚህ ነው። ካልከፈተ ወደ ሴሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ሽቦዎች ፈትሹ። አንዷ ከላላች ቢኤምኤሱ ያንን ሴል ባዶ አድርጎ ስለሚያየው አይከፍትም።

ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪው እስከ መጨረሻው ተሟጦ ነው የተዘጋው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቻርጀሩ መውጫው ላይ ዜሮ ሲያይ «ባትሪ የለም» ብሎ አይሞላም፣ ሰውም ባትሪውን ይጥላል። ቮልቴጅና አምፔር የሚስተካከልበት ፓወር ሰፕላይ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ሂዱ፤ 14 ቮልት ላይ፣ አምፔሩ ከ1 እስከ 2 ተገድቦ ሲሰጠው ይነቃል። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ለሳምንታት የቆየ ሴልን ግን ለማንቃት አትሞክሩ። ውስጡ ተጎድቷል፣ ሲሞላ አደጋ ያመጣል።

ኢንቨርተሩ ሲገናኝ ብልጭ ይልና ሳጥኑ ይጠፋል

ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙት) ባዶ ስለሆኑ በአንድ ቅጽበት ብዙ አምፔር ይስባሉ፤ ቢኤምኤሱም ሾርት መስሎት ይዘጋል። ከ30 እስከ 50 ኦም የሆነ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ግዙ። የፕላሱን ገመድ ከማጥበቃችሁ በፊት ለሦስት ሰከንድ ያህል በሬዚስተሩ በኩል አገናኙት፣ ከዚያ ገመዱን ሳትዘገዩ እሰሩት።

ሞልቷል ይላል፣ ግን ቶሎ ያልቃል

ይህ የሊትየም አይረን ፎስፌት ጠባይ የሚያሳስተው ነገር ነው። ቮልቴጁ ከመሙላቱ እስከ ማለቂያው ድረስ ከ13 ብዙም ስለማይርቅ፣ ርካሹ የቮልት መለኪያ የሚያሳየው መቶኛ አይታመንም። የገባና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ብትገጥሙበት ይሻላል።

ቀጥሎ ቻርጀሩን አንብቡ። ለአራት ሴል የሚሆነው 14.6 ቮልት ነው። 12.6 የተጻፈበት ቻርጀር ለሦስት የላፕቶፕ ሴሎች የተሠራ ስለሆነ ይህን ባትሪ ሊሞላው አይችልም። ተቃራኒው ደግሞ ቤት ያቃጥላል፦ በ14.6 ቻርጀር ሦስት የላፕቶፕ ሴሎችን መሙላት እያንዳንዱን ወደ 4.9 ቮልት ይገፋዋል፣ የሚችለው ግን 4.2 ብቻ ነው። ሁለቱንም ዓይነት ሳጥን የምትሠሩ ከሆነ ሶኬቶቻቸው ፈጽሞ የማይገጣጠሙ ይሁኑ።

ቻርጀሩ ትክክል ከሆነ ሙሊት መጨረሻ ላይ ሴሎቹን ለኩ። አንዱ 3.65 ደርሶ ሌሎቹ 3.4 ላይ ከሆኑ ቢኤምኤሱ ለአንዱ ሲል ሁሉንም ያቆማል። ሴሎቹን ፈታችሁ ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ አገናኙና በ3.65 ቮልት አንድ ላይ ሙሏቸው፤ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ከአሮጌ ዩፒኤስ የወጣ አሲድ ባትሪ ከሆነ ያላችሁ ብዙ አትጠብቁ። 12 ቮልት 7 አምፔር አወር አዲስ እያለ 84 ዋት አወር ይይዛል፣ ዕድሜው እንዳያጥር የሚወሰደው ግማሹ ነው። 10 ዋት የሚበላ ራውተር አራት ሰዓት ያቆያል። ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ከ12.6 በላይ ካላነበበ አልሞላም።

ሳይሠራበት አድሮ ባዶ ይሆናል

ኢንቨርተሩ ምንም ባይሰካበትም ከግማሽ እስከ አንድ አምፔር ይበላል፤ በቀን እስከ 24 አምፔር አወር ማለት ነው። ማጥፊያውን ተጠቀሙ። ራውተሩ 12 ቮልት የሚጠቀም ከሆነም ኢንቨርተሩን ተዉትና በትንሽ የዲሲ ማረጋጊያ በቀጥታ ከባትሪው ስጡት።

ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ይነፋል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ፋን እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። ሳጥኑን ከታችና ከላይ ቅደዱለት፣ ኢንቨርተሩንም በተጻፈበት ዋት ልክ አትጫኑት። የተነፋ ሴል ግን መድኃኒት የለውም። ሳትወጉት፣ ሳትጫኑት ከቤት አውጡት።

መብራት ሲመጣ ኢንቨርተሩ ተቃጠለ

ይህ የሚሆነው በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ባለው ገመድ ኢንቨርተሩን የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት ሲሞከር ነው። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ 220 ቮልቶች ይጋጫሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ የእናንተ ሳጥን ወደ ውጭ መስመር የሚልከው ቮልቴጅ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ያንን ገመድ ዛሬውኑ ቁረጡት። ቤቱን በሳጥኑ ማብራት ከፈለጋችሁ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ (ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከሳጥኑ ብቻ የሚያገናኝ) በኤሌክትሪሻን ይገጠም፤ እስከዚያው ዲቫይደሩን ከሳጥኑ ላይ ሰክታችሁ ዕቃዎቹን ከእሱ ላይ ሰኩ።