ኮዙሜል ስትወርዱ የስልካችሁን ሰዓት አትመኑ

ከማያሚ በመርከብ ለሽርሽር ወጥታችሁ የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት ላይ ከወረዳችሁ፣ ሰዓታችሁን አረጋግጡ። ደሴቷ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ማያሚ ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ አንድ ሰዓት ትቀድማታለች። መርከቡ በማያሚ ሰዓት ከቀጠለ፣ ስልካችሁ 9 ሰዓት ሲላችሁ መርከቡ ላይ 10 ሆኗል ማለት ነው። ስልኩ በራሱ ሰዓት እንዳይቀይር አድርጉት፤ ተራ የእጅ ሰዓት ቢኖራችሁ ደግሞ ይበልጥ አሪፍ ነው። መውጫው ላይ የተጻፈውን የመመለሻ ሰዓት ፎቶ አንሱት። በራሳችሁ ወጥታችሁ ካረፈዳችሁ ጥሏችሁ ይሄዳል፣ ቀልድ የለም።

ለዋና ምዕራቡ ዳርቻ ይሻላል፣ ውሃው ረጋ ያለ ነው። ምሥራቁ ለዓይን ያምራል እንጂ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው። ታክሲዎቹ ቆጣሪ ስለሌላቸው ሳትገቡ ተነጋገሩ፤ ዋጋው ለመኪናው ይሁን በሰው፣ በዶላር ይሁን በፔሶ ለዩ።