የስፖንሰር ወረቀቱ ለምን ተመለሰ? ለትዳር ጓደኛ ቪዛ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ ባል ወይም ሚስት አሜሪካ ያለው ሰው ብዙ ነው። አቶቴም ሆነ አረብ ሰፈር፣ "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" የሚል አታጡም። የጋብቻ ሰርተፍኬቱ አለ፣ ፎቶው አለ፣ የፖሊስ ክሊራንሱ አለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የገቢ ማስረጃው ላይ ይቆማል። አይ-864 የሚባለው ፎርም ላይ ማለት ነው።

ፎርሙን የሚሞላውና የሚፈርመው አሜሪካ ያለው ነው። አዲስ አበባ ኤምባሲ መስኮት ፊት ቆሞ የሚጠየቀው ግን እዚህ ያለው ነው። "ባልሽ ምን ይሠራል? ከማን ጋር ይኖራል? ጆይንት ስፖንሰሩ (የባል ገቢ ሳይበቃ ተጨምሮ የሚፈርመው ሰው) ምንሽ ነው?" ሲባል መልስ ያስፈልጋል። የባልን ገቢ መጠየቅ ይሉኝታ እንደሚያሲዝ አውቃለሁ። እዚህ ጋ ግን ይሉኝታው ይቅር። ፎርሙን ከነታክሱ በቴሌግራም አስልካችሁ፣ ከመግባቱ በፊት መስመር በመስመር አንብቡት። ስህተቱን ቀድማችሁ የምታገኙት እናንተ ናችሁ።

"ከፍለናል፣ ፎርሙ ግን አይከፈትም"

ክፍያው ሁለት ነው። አንዱ የስፖንሰር ወረቀቱ 120 ዶላር፣ ሌላው የቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር። አንዱን ከፍሎ ሌላውን የሚረሳ አለ። ሁለቱም ተከፍለው ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው፤ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ድጋሚ አትክፈሉ። ክፍያው ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ስለሚቆረጥ ከዚህ በካርድ ለመሞከር አትድከሙ።

"ፎርሙ ትክክለኛው አይደለም ተባልን"

ይኼ የሚመጣው ዲቪ ከደረሰው ጓደኛ ፎርም ሲዋስ ነው። ለዲቪ የሚያገለግለው አይ-134 ነው። ለትዳር ጓደኛ የኢሚግራንት ቪዛ አይሠራም፤ የእናንተው አይ-864 ነው። አጠር ያለው አይ-864ኢዜድ የሚባለውም አለ። እሱ የሚሆነው አመልካቹ አንድ ሰው ብቻ ሲሆንና የስፖንሰሩ ገቢ በሙሉ ከደመወዝ ወይም ከጡረታ ሲመጣ ነው። ሌላ ገቢ ካለ ረጅሙን ሙሉ።

"ቀን ከሌት እየሠራ ገቢህ አይበቃም አሉት"

ብዙ ትዳር የሚጉላላው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የሚጠየቀው ገቢ የአሜሪካ የድህነት ወለል 125 በመቶ ነው። በ2025 ሠንጠረዥ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለሦስት 33,312፣ ለአራት 40,187 ነበር። በየዓመቱ ስለሚቀየር አይ-864ፒ ከሚባለው ሠንጠረዥ የዓመቱን እዩ። አሜሪካ ጦር ውስጥ በሥራ ላይ ያለ ሰው ለሚስቱ ሲሞላ 100 በመቶው ይበቃዋል።

ደመወዝተኛ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ደብሊው-2 (አሠሪው የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ መግለጫ)፣ የታክስ ትራንስክሪፕት (ግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የታክስ ማጠቃለያ)፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት ይበቃል። ጭንቀቱ ያለው ኡበርና ሊፍት ከሚነዱት ጋር ነው።

በቁጥር እንየው። ሹፌሩ በዓመት 48,000 ዶላር ገባለት እንበል። የኩባንያው ድርሻ 12,000 ተነሳ። ከዚያ ታክስ የሚሠራለት ሰው የነዳውን 30,000 ማይል በ2025ቱ የግብር መሥሪያ ቤት የመኪና ወጪ ተመን፣ በ70 ሳንቲም አባዛና 21,000 ወጪ አደረገለት። የቀረው 15,000 ነው። የሚከፍለው ታክስ አነሰለት፣ ደስ አለው። ኤምባሲው ገቢ ብሎ የሚይዘው ግን ይህንኑ 15,000 ነው፤ 1040 በሚባለው የዓመት ታክስ ፎርም መስመር 9 ላይ የሚወጣውን። ፎርሙ ላይ 48,000 ተጽፎ ታክሱ 15,000 ሲል ወረቀቱ ይመለሳል። በሥራው ማንም አይጠራጠርም፤ የማይገናኘው ቁጥሩ ነው።

መፍትሄው በመጀመሪያ ታክሱ የሚለውን መጻፍ ነው። "ታክሱን አሳድገህ ቀይረው" የሚል መካሪ ካለ አትስሙት። ወጪው እውነተኛ ከሆነ የሚቀየር ነገር የለም። ከዚያ መንገዱ ብዙ ነው። የደመወዝ ሥራ ከጀመረ የሚቆጠረው የአሁኑ ዓመታዊ ገቢው ነው፤ ያለፈው ዓመት ታክስ አነስተኛ ቢሆንም የሥራ ደብዳቤውና የደመወዝ ወረቀቱ ያስረዳሉ። አብሮት አንድ ቤት የሚኖር ወንድም፣ እህት ወይም ወላጅ ካለ በአይ-864ኤ ገቢውን ሊጨምርለት ይችላል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ይህ ካልሆነ ጆይንት ስፖንሰር ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ቁጠባም ይቆጠራል። ስፖንሰሩ ዜጋ ከሆነ ንብረቱ የጎደለውን 3 እጥፍ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ ብቻ ካለው 5 እጥፍ። ለሹፌሩ የጎደለው 11,437 ነው፣ ስለዚህ ዜጋ ከሆነ 34,311 ዶላር ማሳየት አለበት። "ሐዋሳ ያለውን ቤታችንን ብናሳይስ?" ትሉ ይሆናል። ንብረቱ በ1 ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ መሆን አለበት። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ከአገር ማውጣት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በእኔ እምነት ዋናውን ነገር በቤት ላይ መጣል አያዋጣም።

"ገቢው ይበቃ ነበር፣ በቤተሰብ ብዛት ወደቅን"

"እኔና አንቺ፣ ሁለት" ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። አቆጣጠሩ ግን ሰፊ ነው። እሱ ራሱ፣ እናንተ፣ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ በሙሉ ይገባሉ። ልጁ ከእናቱ ጋር ቢኖርም፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ቢሆንም ይቆጠራል። ታክሱ ላይ ጥገኛ ብሎ ያስመዘገበውም ይጨመራል።

ከሁሉ የሚረሳው ከዚህ በፊት በአይ-864 ያስመጣው ሰው ነው። እናቱን ከሦስት ዓመት በፊት አስመጥቶ ከሆነና ዜጋ ካልሆኑ፣ አሁንም ይቆጠራሉ። ወር በወር ገንዘብ የሚልክላቸው ዘመዶች ግን ታክሱ ላይ እስካልገቡ ድረስ አይቆጠሩም። ይህን ለማወቅ ባልን ወይም ሚስትን መጠየቅ ግድ ነው። የማታውቁት ልጅ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ መስኮቱ ፊት ከመደንገጥ ቀድሞ በስልክ መነጋገር ይሻላል።

ስለ ልጅ ካነሳን፦ ዜጋ ለሚስቱ ያስገባው ማመልከቻ የሚስቱን ልጅ አይጨምርም። ለልጁ ለብቻው አይ-130 (ለዘመድ የሚገባው የመጀመሪያው ማመልከቻ) መግባት አለበት፣ የስፖንሰር ወረቀቱም ለብቻው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሲያስገባ ግን ልጁ ከእናቱ ጋር ሊታይ ይችላል።

"ጆይንት ስፖንሰር አገኘን፣ አሁንም ተመለሰ"

ብዙውን ጊዜ የባልየው የራሱ አይ-864 ቀርቶ ነው። ገቢው ዜሮ ቢሆንም እሱ መሙላትና መፈረም አለበት። ጆይንት ስፖንሰሩ የሚሞላው ተጨማሪ፣ ሁለተኛ ፎርም ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላውና አሜሪካ የሚኖር መሆን አለበት። ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም። የቤተክርስቲያን ወዳጅም ይሆናል። ገቢው ለራሱ ቤተሰብና ለእናንተ ተደምሮ ብቻውን መብቃት አለበት፤ ከባልየው ገቢ ጋር አይደመርም። የፓስፖርቱ ወይም የግሪን ካርዱ ኮፒም አይረሳ።

ለሚፈርምላችሁ ሰው እውነቱን ንገሩት። ግዴታው የሚያበቃው እናንተ ዜጋ ስትሆኑ፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል የሥራ ጊዜ ሲቆጠርላችሁ ነው። ሞት ያበቃዋል፣ ግሪን ካርድ ትቶ ከአገር መውጣትም። ፍቺ አያበቃውም። ሸፋፍኖ ማስፈረም ወዳጅነት ያበላሻል።

"ታክሱ ላይ ሲንግል ይላል"

ሚስት ሐዋሳ እያለች "ብቻዬን ነው የምኖረው" ብሎ ያላገባ ሆኖ ታክስ የሚያስገባ አለ። እስከ ዲሴምበር 31 ያገባ ሰው ለዚያ ዓመት ታክስ ባለትዳር ነው፣ ሚስቱ የትም ትሁን። ጋብቻችን እውነት ነው እያላችሁ ታክሱ አላገባም ሲል ጥያቄ ያስነሳል። መፍትሄው 1040-ኤክስ በሚባለው የታክስ ማስተካከያ ፎርም ማስተካከልና የማስተካከያውን ኮፒ ማያያዝ ነው።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ፊርማው በእስክሪብቶ ይሁን፤ በኮምፒውተር የተተየበ ስም አይቀበሉም። ሁሉም ገጽ ስካን ይደረግ፣ ባዶ የሆነውም ጭምር። ቀን ሲጻፍ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወር ይቀድማል። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርታችሁ በአንድ ፊደል እንኳ አይለይ። የባልና የሚስት የአባት ስም መለያየቱ ግን ችግር የለውም።

ዜጋ የሆነው ባል አሁን እዚሁ ሐዋሳ አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተመልሶ እንደሚኖር ማሳየት አለበት። የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ ይረዳሉ። መግባት ያለበት ቢዘገይ ከእናንተ ጋር ነው።

"ኢንተርቪው አልፌያለሁ፣ ቪዛው ግን አልመጣም"

መስኮቱ ላይ የተሰጣችሁን ወረቀት አውጡ። 221(ጂ) የሚል ከሆነ የጎደለ ነገር አለ። የታክስ ትራንስክሪፕት ወይም ጆይንት ስፖንሰር ብሎ ይዘረዝራል። በ1 ዓመት ውስጥ ካላሟላችሁ እንደገና ማመልከትና መክፈል ይመጣል። የተጠየቀውን ብቻ፣ በተነገራችሁ መንገድ ላኩ።

ሌላው ምክንያት ከእናንተ ወረቀት ውጭ ነው። ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 ጀምሮ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት አቁሟል። ያቀረበው ምክንያት መጤዎች የመንግሥት ድጎማ ላይ እንዳይወድቁ የሚል ነው። ማመልከትና ኢንተርቪው መግባት አልተከለከለም። ይህን በገንዘብ አስነሳላችኋለሁ የሚል ደላላ ከመጣ አንድ ብር አትስጡት። ጆይንት ስፖንሰር መጨመርም አያነሳውም። በዚህ መሐል ማድረግ የምትችሉት ፋይሉ እንዳያረጅ መጠበቅ ነው። የአዲሱ ዓመት ታክስ እንደገባ ትራንስክሪፕቱን አስልኩ፣ የሥራ ደብዳቤውን አሳድሱ፣ ፋይሉን ከሚይዘው የአሜሪካ ቪዛ ሴንተር (ኤንቪሲ) የሚመጣ ኢሜይል ካለም ዓመት ሳያልፈው መልስ ስጡ።