የክፍል ቪዲዮና ድምፅ ሥራ ሲበላሽ፦ አፑን ከመቀየራችሁ በፊት

ተማሪዎች ቪዲዮ፣ ፖድካስት ወይም ፖስተር ሠርታችሁ ኑ ሲባሉ አንድ ነገር ከተበላሸ መጀመሪያ የሚወቀሰው አፑ ነው። «ነፃ ስለሆነ ነው» ይባላል። ከዚያ ሌላ አፕ ይፈለጋል፣ ዳውንሎድ ይደረጋል፣ ክፍለ ጊዜውም እዚያው ላይ ያልቃል። በዚህ አልስማማም። ኦዳሲቲ (ለድምፅ)፣ ሾትከትና ኬደንላይቭ (ለቪዲዮ)፣ ጂምፕ (ለምስል) ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው፣ ለክፍል ሥራም ከበቂ በላይ ናቸው። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ኤዲቲንግ ሳይጀመር የገባ ነው፤ ወይ ሲቀረጽ፣ ወይ ፋይሉ ሲቀመጥ። ስለዚህ ምልክቱን ከታች ፈልጉት። ተማሪዎቹ በሚሉት አባባል ነው ያስቀመጥኩት።

«ቲቸር፣ ትናንት የሠራነው ቪዲዮ ጠፋ!»

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። ቡድኑ አንዱ ላፕቶፕ ላይ ቪዲዮውን ቆራርጦ፣ ሙዚቃ ጨምሮ፣ ርዕስ ጽፎ ይጨርሳል። ሴቭ ያደርጋል። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን ክሊፖቹ የሉም፤ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ብቻ።

ምክንያቱ፣ ሴቭ የተደረገው ፕሮጀክቱ እንጂ ቪዲዮው አይደለም። የሾትከት፣ የኬደንላይቭም ሆነ የሌላው የቪዲዮ ኤዲተር የኦፕንሾት ፕሮጀክት ፋይል በውስጡ ቪዲዮ የለውም። የያዘው መመሪያ ነው፦ ይህ ክሊፕ እዚህ ፎልደር ውስጥ አለ፣ ከ4ኛው ሰከንድ ይጀምር፣ 9ኛው ላይ ይቆረጥ። ክሊፖቹ ራሳቸው ድሮ በነበሩበት ላፕቶፕ ላይ ቀርተዋል። ለማረጋገጥ የፋይሉን መጠን እዩት። በሰከንድ 8 ሜጋቢት ኤክስፖርት የተደረገ፣ ማለትም ተጠናቆ የወጣ ቪዲዮ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 5 ደቂቃ ሲሆን ወደ 300 ሜጋባይት ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል በኪሎባይት የሚቆጠር ከሆነ ውስጡ ቪዲዮ የለም ማለት ነው።

መፍትሔው ወደ መጀመሪያው ላፕቶፕ መመለስ ነው። ሥራው እዚያ እንዳለ ታገኙታላችሁ። ለማስረከብ ከሆነ እዚያው ኤምፒ4 አድርጋችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፤ የሚላከውም የሚታየውም እሱ ነው። ሌላ ማሽን ላይ ኤዲቲንጉን መቀጠል ከፈለጋችሁ ግን ክሊፑን፣ ሙዚቃውን፣ ፎቶውንና ፕሮጀክቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ኬደንላይቭ ይህን ራሱ የሚሰበስብ «አርካይቭ» የሚል ትእዛዝ አለው። በሌሎቹ ላይ ግን ልማድ ነው የሚያድናችሁ፦ ኤዲቲንግ ሳይጀመር ለየቡድኑ አንድ ፎልደር ይከፈት፣ ሁሉም ነገር መጀመሪያ እዚያ ይግባ፣ ከዚያ በኋላ ስሙም ቦታውም አይነካ። ኤክስፖርቱ ተጠናቆ እስኪታይ ድረስም ከስልክ ላይ ምንም አይጥፋ። ቦታ ሞላብኝ ብሎ ክሊፑን የሚያጠፋ አንድ ልጅ በየቡድኑ አይጠፋም።

ኦዳሲቲ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከ2021 ወዲህ፣ ማለትም ከ3.0 ጀምሮ፣ ድምፁ ፕሮጀክቱ ውስጥ አብሮ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ያለው ቨርዥን ግን ከፋይሉ ጎን የዳታ ፎልደር ይፈጥራል፤ ፎልደሩ ከቀረ ድምፁም ቀረ። ጂምፕም ሴቭ ሲባል የሚያስቀምጠው የራሱን ፋይል ነው። ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ የሚወጣው በኤክስፖርት በኩል ነው።

«ድምፁና ከንፈሩ አልገጠመም»

እዚህ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የማይገጥመው፣ ወይስ እየቆየ ነው የሚለያየው?

እየቆየ የሚለያይ ከሆነ ምክንያቱ ስልኩ ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ምስል እቀርጻለሁ ቢልም ቁጥሩን አይጠብቅም። ብርሃን ሲያንስ ይቀንሳል፣ ሲመለስ ይጨምራል። ኤዲተሩ ደግሞ ቋሚ 30 ነው ብሎ ይቆጥራል። ልዩነቱ በትንሽ በትንሹ ይጠራቀምና መጨረሻ ላይ ተናጋሪው አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይመጣል። ሾትከት እንዲህ ያለ ክሊፕ ሲከፈትለት ለኤዲቲንግ ወደሚመች ፎርማት ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎች መልእክቱን ሳያነቡ ይዘጉታል። እሺ በሉት። በሌላ ኤዲተር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና ክሊፑን አስገቡ። የቪዲዮ ገጹ ላይ ፍሬም ሬቱን (የምስሉን ብዛት በሰከንድ) 30፣ አይነቱን ደግሞ «ኮንስታንት» አድርጉና አስጀምሩት። ይህን ኤዲቲንግ ሳትጀምሩ አድርጉት። ከተቆራረጠ በኋላ መቀየር ሥራውን እንደገና መጀመር ነው።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል የሚዘገይ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ይህ የሚሆነው ድምፁ በሌላ ስልክ ሲቀረጽ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት አልተጀመሩም። ፊልም ሠሪዎች ሰሌዳ የሚያጋጩት ለዚህ ነው። ለእኛ ጭብጨባ ይበቃል። ሁለቱም ስልኮች መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ አንድ ልጅ ካሜራው ፊት አንዴ ያጨብጭብ። ኤዲተሩ ላይ ሁለት መዳፍ የተገናኘበትን ምስል ፈልጉ። የድምፁ መስመር ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ የወጣ ቀጭን ሹል ታያላችሁ። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አምጡ፤ አለቀ።

«ድምፁ ይንሿሿል፣ አይሰማም»

ተናጋሪው ከስልኩ ሦስት ሜትር ርቆ ቆሟል። ስልኩ ደግሞ የሚቀርጸው ንግግሩን ብቻ አይደለም፤ የክፍሉን ጫጫታም፣ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውንም ድምፅ ጭምር ነው። በኋላ ድምፁን ስትጨምሩት ሁሉም አብሮ ይጨምራል።

ቋሚ ጩኸት ከሆነ፣ ለምሳሌ የፋን፣ ኦዳሲቲ ይቀንሰዋል። ማንም ሳይናገር ፋኑ ብቻ የሚሰማበትን ሁለት ሰከንድ ምረጡ። ከኢፌክት ሜኑ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ውስጥ ግቡና «ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል» በሉ። መስኮቱ ይዘጋል። ብዙዎች እዚህ ጋ ያለቀ መስሏቸው ይተዉታል፤ ገና ነው። አሁን ሙሉውን ድምፅ መርጣችሁ ያንኑ ኢፌክት ድገሙትና «ኦኬ» በሉ። ድምፁ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ከመሰለ አብዝታችኋል፤ መልሱትና ቁጥሩን ዝቅ አድርጉ።

ማስተጋባትን ግን በዚህ አታድኑትም። በጩኸት ምክንያት የተቆረጠውን፣ ማለትም የሞገዱ ጫፍ ጠፍጣፋ የሆነውንም እንደዚያው። ጊዜ ከማባከን ደግማችሁ ቅረጹ። አንድ ስልክ ምስሉን ይቅረጽ፣ ሌላ ስልክ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ድምፁን ይያዝ። ስልኩን ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ አለዚያ «ፐ» እና «ጰ» በመጡ ቁጥር ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። ለእኔ ጥሩ ካሜራ ከመፈለግ ይህችኛዋ ሁለተኛ ስልክ ትበልጣለች። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገስም።

«ላፕቶፑ ስታክ አደረገ»

በ4ኬ ነው የተቀረጸው። 4ኬ የሚባለው የምስል ጥራት 1080 ከሚባለው አራት እጥፍ ነጥብ አለው፣ የቆየ ላፕቶፕ አይችለውም። ገና ካልተቀረጸ የስልኩን ካሜራ ወደ 1080 እና በሰከንድ 30 ምስል አውርዱት። ከተቀረጸ ሾትከትም ኬደንላይቭም «ፕሮክሲ» አላቸው፤ ለሥራ የምትጠቀሙበት ትንሽ ኮፒ ያዘጋጃሉ፣ ኤክስፖርት ላይ ወደ ዋናው ይመለሳሉ።

«የአይፎኑ ቪዲዮ አልከፈት አለ»

አይፎን የሚቀርጽበት አዲሱ ፎርማት፣ ኤች.265፣ በየኮምፒውተሩ አይከፈትም። ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። የተቀረጸውን ደግሞ ሃንድብሬክ ወደ ቀድሞው ፎርማት፣ ወደ ኤች.264፣ ይቀይረዋል።

«ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ነበር»

በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ነው የተላከው፤ አፑ ጨምቆታል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩት።

«ፊደሉ ሳጥን ሆነ»

ርዕሱ በአማርኛ ተጽፎ ሳጥን ብቻ ከታየ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይገኛሉ። ጫኑና ፎንቱን በእጃችሁ ምረጡ፤ ኤዲተሩ ራሱ ያገኘዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከመጣ ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው። ርዕስ ስለሆነ እንደገና መጻፉ ይቀላል። ኤዲተሩ አሁንም ካስቸገረ በአቋራጭ ሂዱ፦ ርዕሱን ጂምፕ ላይ ጽፋችሁ ጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ አውጡና እንደ ፎቶ ቪዲዮው ላይ ደርቡት። ጄፔግ ካደረጋችሁት ባዶው ጀርባ ይሞላል፣ አይሠራም።

«ዩቲዩብ ሙዚቃውን ያዘብን»

«ለትምህርት ነው» የሚለውን ክርክር ማሽኑ አይሰማም። ዩቲዩብ የሚጫነውን ቪዲዮ ባለቤቶች ካስመዘገቡት ጋር በራሱ ያመሳስላል። ሙዚቃውን ከዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ ወይም ከዊኪሚዲያ ኮመንስ በወሰዳችሁት ቀይሩት። በክሪዬቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ሠሪው ሌሎች እንዲጠቀሙበት በሚፈቅድበት ፈቃድ፣ የተለቀቀ ከሆነ ፈቃዱን አንብቡ። አብዛኞቹ የሠሪውን ስም መጥቀስ ይጠይቃሉ። «ኖ ዴሪቫቲቭስ» የሚል ካለበት ከቪዲዮ ጋር ማዋሃድ አይፈቀድም። ስሙን ዳውንሎድ ስታደርጉ እዚያው ጻፉት፤ በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

«ካንቫ ብር ጠየቀን»

ፖስተር በምትሠሩበት ካንቫ ላይ የሚከፈልበት፣ የዘውድ ምልክት ያለበት ምስል ገብቷል። አጥፍታችሁ ምልክት የሌለውን ተኩ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነ ሰው ደግሞ መምህርነቱን አረጋግጦ የትምህርት ሥሪቱን ለራሱም ለተማሪዎቹም በነፃ ማስከፈት ይችላል።

«ስክሪን ስንቀርጽ መብራት ሄደ፣ ፋይሉ አይከፈትም»

ተራ ኤምፒ4 ሳይዘጋ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ስክሪን የሚቀርጸው ነፃ ፕሮግራም ኦቢኤስ ላይ የቀረጻውን ፎርማት ኤምኬቪ አድርጉት፤ ቢቋረጥም እስከዚያ ያለው ይተርፋል። ሲያልቅ ከፋይል ሜኑ «ሪማክስ ሪከርዲንግስ» ብትሉት ጥራቱ ሳይነካ ኤምፒ4 ያደርገዋል።