ከሃምሳ በኋላ መዋብ፦ መጀመሪያ መስታወቱን ወደ መስኮት ውሰጂው

ክሬም ከመግዛትሽ በፊት፣ ቁም ሳጥንሽን ከመገልበጥሽ በፊት፣ መስታወትሽን ወደ መስኮት ውሰጂው። በቀን ነው የምልሽ፣ መብራት ሳይበራ። እኔ ለዓመታት የተኳኳልኩት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ በተሰቀለች አንዲት አምፖል ሥር ነበር። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፣ ያንን ጥላ ልሸፍን ስል ፋውንዴሽን በፋውንዴሽን ላይ እደርባለሁ፣ ውጭ ስወጣ ፊቴ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። አንድ ቀን ልጄ መኪና እየነዳች ዞር ብላ አየችኝና «እማ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነበርኩ። ጉዱ አምፖሉ ነው።

ስልሳ ልሞላ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። «ዕድሜ ቁጥር ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው አይናገርባቸውም መሰለኝ። ዕድሜ ቆዳ ይለውጣል፣ ጸጉር ይለውጣል፣ እግር ሳይቀር ያሰፋል። እኛ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የነበረችውን ሴት እየኳልንና እያለበስን እንኖራለን። ያን ጊዜ ያማረብን ሊፕስቲክ፣ ያን ጊዜ የተለካነው ጡት መያዣ፣ ያን ጊዜ የለመድነው የጫማ ቁጥር። ወጣት የሚያስመስል ዘዴ የለኝም። ልክሽን እንደገና ውሰጂ ነው የምልሽ።

ከቆዳ ልጀምር፣ ብዙ የምለው እዚያ ላይ ነው። ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ቆዳን ወጥሮ የያዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲንም አብሮት ይሸሻል። የቆዳ ሐኪሞች እንደሚሉት ማረጥ ከገባ በኋላ ባሉት 5 ዓመታት ብቻ 30 በመቶ ያህሉ ይሄዳል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ረገብ ይላል። «ባንዴ አረጀሁ» የምትል ጓደኛ ካለችሽ እያጋነነች አይደለም። ወዙም ይቀንሳል። በሠላሳ ዓመትሽ የምትታጠቢበት ሳሙና ዛሬ ፊትሽን ወጥሮና አሳክኮ የሚተወው ለዚህ ነው።

ሳሙናውን ተይው። ሽቶ የሌለበት ለስላሳ የፊት ማጽጃ ማታ ማታ ይበቃል፣ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ብቻ። ገላሽንም በጣም በሞቀ ውሃ ለረጅም ሰዓት አትታጠቢ፤ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን ያቺን የቀረችውን ወዝ አጥቦ ይወስዳታል። ስትወጪ በፎጣ ሳትፈትጊ ጫን ጫን አድርገሽ ውሃውን አንሺና ቆዳሽ ገና ርጥብ እያለ ክሬም ቀቢ። የክሬም ዋና ሥራው ያ ርጥበት እንዳያመልጥ መያዝ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ደርቀሽ ብትቀቢ የሚይዘው ነገር የለም። ስትገዢ ፊት ለፊት የተጻፈውን ውዳሴ እለፊውና ጀርባውን አንብቢ፤ ግሊሰሪን፣ ሴራማይድ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚል ካለበት ጥሩ ነው። ተረከዝሽ ከተሰነጣጠቀ ዩሪያ ያለበት ክሬም ማታ ቀብተሽ ካልሲ አድርገሽ ተኚ። ለከንፈር ከተራ ቫዝሊን የሚበልጥ እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ፀሐይ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልታደርጊ ከሆነ ይህንን አድርጊ፦ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቀቢ። «ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ አያስፈልገኝም» ስል ኖሬያለሁ። እውነት ነው፣ ጥቁር ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም፤ ማድያት ግን ፀሐይ ይወዳል። ኤስፒኤፍ 30 የሚል ክሬም (ኤስፒኤፍ የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው) ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያግዳል፣ ያውም በደንብ ከተቀባ ነው። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣትሽ ርዝመት ሙሉ አውጪ፣ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። አመድ የነፋብሽ የሚያስመስለው ዓይነት ካስጠላሽ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበትን ፈልጊ፤ ማድያትን የሚያባብሰውን ተራ የሚታይ ብርሃን ሳይቀር ይከላከላል። መኪና ውስጥ ነኝ ብለሽም አትዘናጊ፣ ቆዳ የሚያስረጀው ጨረር መስታወት አልፎ ይገባል። አንገትሽን፣ ደረትሽንና የእጅሽን ጀርባ አትርሺ። ፊታቸው የአርባ፣ እጃቸው የሰባ ዓመት የሚመስል ስንት ሴቶች አሉ! አንዷ እኔ ነኝ።

ማድያቱን ቆዳ በሚያነጣ ክሬም ላጥፋው ካልሽ ግን እለምንሻለሁ፣ ተይ። ከነዚህ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ የተገኘባቸው አሉ። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል፣ የእኛ ደግሞ መች ወፍራም ቀረና። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። እግረ መንገድሽን ቅርጹ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ጥቁር ነጥብ ካለሽ አሳዪ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ያለውን ጭምር።

ሽብሽብ ይቀንሳሉ ከሚባሉት የሚቀቡ ነገሮች ውስጥ ብዙ የተጠኑት ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነትና ዘመዶቹ ናቸው። ማታ ብቻ፣ አተር የምታህል፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን። ትንሽ መላጥ ያለ ነው፣ ካቃጠለሽ ግን አሳርፊው። ለውጥ ለማየት ቢያንስ ሦስት ወር ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ጠዋት ደግሞ የፀሐይ መከላከያው የግድ ነው።

ሜካፕ ላይ ምክሬ ደረቅ ነገር ቀንሺ ነው። ፓውደር ሽብሽብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ማንም ያላየውን መስመር ሁሉ ያሳብቃል። ፋውንዴሽን ፊት ሙሉ ከምትለቀልቂ ጠቆር ያለው ቦታ ላይ ብቻ በጣትሽ መታ መታ አድርጊው። የጉንጭ ቀለምሽ (ብለሽ የሚሉት) የክሬም ይሁን፣ ጉንጭሽ ላይ ትንሽ ከፍ በይ፤ ወደ ታች ከወረደ ፊትሽን ይዞት ይወርዳል። ቅንድብ ከዕድሜ ጋር ይሳሳል፣ በተለይ ጫፉ። ፈዘዝ ባለ እርሳስ አጫጭር መስመር እየጫርሽ ክፍተቱን ሙዪ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወፍራም መስመር ካሰመርሽ ግን ቀኑን ሙሉ የተቆጣሽ ትመስያለሽ። ኩል የታችኛው ዓይን ውስጡን ዙሪያውን ሲኳል ዓይን ያሳንሳል፣ ላይኛው ላይ አድርጊው። ሊፕስቲክ ወደ ከንፈርሽ ዳር ስንጥቅ የሚፈስ ከሆነ በዚያው ቀለም እርሳስ ዳሩን አስምረሽ ጀምሪ። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈው ጣይው፣ ቢያሳዝንሽም። መነጽር ካላደረግሽ የማይታይሽ ከሆነ አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት ይኑርሽ፣ ግን ለሥራ ብቻ። በእሱ ፊቴን ልገምግም ካልሽ ቀንሽ ተበላሸ፣ ማንም ሰው ደግሞ ያን ያህል ተጠግቶ አያይሽም።

ሽበት ይቀባ ወይስ ይተው የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ ሁለቱንም ኖሬባቸዋለሁ። የምትቀቢ ከሆነ ድቅድቅ ጥቁሩን ተይው፤ የፊትሽን እያንዳንዱን መስመር ያጎላል፣ ሥሩም በሁለት ሳምንት ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ከድሮ ቀለምሽ አንድ ሁለት ደረጃ ፈካ ያለ ቡናማ ይሻላል። ብዙ ማቅለሚያዎች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፣ ለዓመታት ስትጠቀሚበት ኖረሽ እንኳ አንድ ቀን አለርጂ ሊያስነሳብሽ ይችላል። ስለዚህ በቀባሽ ቁጥር ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ወይም ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ሞክሪ። እኔ ይህንን የተማርኩት ሁለቱም ዓይኖቼ አብጠው ከተዘጉ በኋላ ነው።

ሽበቱን ልልቀቀው ካልሽ ደግሞ ሒሳቡን እወቂው። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ትከሻ የሚደርስ ጸጉር እስኪተካ ከሁለት ዓመት በላይ ነው። አጭር መቆረጥ ያፈጥነዋል። ወደ ቢጫ ከሄደብሽ ሐምራዊ ሻምፖ በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ግንባርሽ ላይ አታስወጥሪው፣ ዳር ዳሩ አንዴ ከተመለጠ መመለሱ ከባድ ነው። ድንገት እፍኝ እፍኝ ከረገፈብሽ ቅባት ከመቀያየር ደም ተመርመሪ፤ የአይረን ማነስም የታይሮይድ ችግርም ጸጉር ያረግፋሉ።

ወደ ልብስ ስንመጣ ገንዘብሽን መጀመሪያ ጡት መያዣ ላይ አውጪ። አልቀለድኩም። ጡት ከማረጥ በኋላ ቅርጹ ይለወጣል፣ ብዙዎቻችን ግን ልጅ ካጠባን ወዲህ ተለክተን አናውቅም። ክብደቱን መሸከም ያለበት ከሥር የሚዞረው ቀበቶ ነው። ማንጠልጠያው ትከሻሽን ከቆረጠ ወይም ቀበቶው ጀርባሽ ላይ ወደ ላይ ከወጣ ልክሽ አይደለም። ጡት ቦታው ሲመለስ ወገብ ይገለጣል፣ የድሮው ሸሚዝሽ ራሱ ሌላ ሸሚዝ ይሆናል።

ቀጥሎ፣ ልብስ ሰፊ ውደጂ፣ ሰፊ ልብስ ጥዪ። ቦርጭ መጣ ብለን ድንኳን ነገር እንለብሳለን፣ ድንኳን ደግሞ ሰውን የሚያሳየው በሰፊው ቦታው ልክ ነው። ስትለኪ መጀመሪያ ትከሻውን እዪ። ስፌቱ የትከሻሽ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ካለቀ ወገቡንም እጅጌውንም ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፣ ትከሻው ካለፈሽ ግን መልሶ ማሠራቱ ጣጣ ነው። ቆመሽ ብቻ አትለኪ። ተቀመጪ፣ እጅሽን አንሺ፣ ጎንበስ በይ። ጥቁር ያቀጥናል እያልን ከላይ እስከ ታች ጥቁር እንለብሳለን፤ ለሱሪው ተይውና ፊትሽ አጠገብ ሌላ ነገር ይሁን። የትኛው ቀለም እንደሚስማማሽ ማንንም አትጠይቂ፣ ያው መስኮት አጠገብ ሁለት ሦስት ጨርቅ አገጭሽ ሥር እያፈራረቅሽ ያዢና ከጨርቁ ቀድሞ ዓይንሽ የታየበትን ምረጪ። ያ ድንገት የሚለበልብ ሙቀት የሚመጣብሽ ከሆነ ጥጥ ወይም ሊነን ደርበሽ ልበሺ፣ የውስጠኛውም ለብቻው ሰው ፊት የሚያስቆም ይሁን። እኔ አንድ ስብሰባ ላይ ሹራቤን ላወልቅ ስል ከሥር የለበስኩት የተቀዳደደ ካናቴራ ትዝ ብሎኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ላብ በላብ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

እግርም ከዕድሜ ጋር ይሰፋል፣ ይረዝማልም፣ ውስጥ እግር ያለው ስቡ ደግሞ ይሳሳል፤ ስስ ሶል ያለው ጫማ መንገዱን ጠጠር በጠጠር የሚያስቆጥርሽ ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ እግርሽ አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ሁለቱንም እግርሽን አስለኪና ለትልቁ ግዢ። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። ተረከዙ ከሦስት ከአራት ሴንቲ ሜትር ባይበልጥና ሰፋ ቢል ይመረጣል። ለዓመታት 38 ነኝ ብዬ የ39 እግሬን ስጨፈልቅ ኖሬያለሁ፣ ለማን ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ሽቶ ቀረኝ። አፍንጫም ይደክማል፣ በተለይ ከስልሳ ወዲያ፣ እኛ ግን የደከመው ሽቶው እየመሰለን እንጨምራለን። ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ ስለማይቆይ መጀመሪያ ሽታ የሌለው ሎሽን ቀቢ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ርጪና አቁሚ። በዛ አልበዛም የሚለውን ከአፍንጫሽ ይልቅ ሌላ ሰው ጠይቂ። እኔ ልጄ ገና መኪና ውስጥ ስገባ መስኮት የምትከፍተው ሙቀት እየሆነባት ይመስለኝ ነበር።