ስለ ኮራልና ስለ ባሕር ሙቀት ስናወራ የምንስታቸው ነገሮች

ጎንደር ባሕር የላትም። ግን እዚህ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ አጥብቀው ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ ኮራል ነው፤ ስልካቸው ላይ የነጣ የባሕር ወለል ያያሉና። ጥያቄያቸው በጣም ደስ ይለኛል። ይዘውት የሚመጡት ግምት ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሆነ፣ የሚደጋገሙትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ኮራልን ድንጋይ አትበሉት። ተክልም አይደለም። እንስሳ ነው፣ የጄሊፊሽ ዘመድ። የደረቀ ቁራጭ በእጃችሁ ብታገላብጡ ላዩ ኮከብ በሚመስሉ ትንንሽ ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ የአንድ ፖሊፕ መቀመጫ ነበረች። ፖሊፕ ለስላሳ ገላና አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ደግሞ ምግብ የሚይዝባቸው ክሮች ያሉት ፍጥረት ነው። ድንጋዩን ከሥሩ የሚገነባው እሱ ነው። ድሮ የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ይወርድባት የነበረችው ምጽዋ፣ አሮጌ ቤቶቿ የተሠሩት በዚሁ የኮራል ድንጋይ ነው።

ሌላው ስህተት አልጌን (በብርሃን ምግቡን የሚሠራ፣ ተክል መሰል የውሃ ፍጥረት) ሁሉ ጠላት ማድረግ ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ስላስለቀሰን ውሃ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ጥፋት ይመስለናል። እምቦጭ ግን አልጌ አይደለም። የኮራሉ አልጌ በዓይን የማይታይ፣ እዚያው እንስሳው ህዋስ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት ነው። በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶው ከዚህ ሊገኝ ይችላል። አልጌውም በተራው መጠለያና ከኮራሉ የሚወጣውን ናይትሮጅን ያገኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «ነጭ ከሆነ ሞቷል» የሚባለው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ ሲሞቅ አልጌው ብርሃን የሚጠቀምበት ሥርዓት ይበላሻል፤ ብርሃኑ ግን መምጣቱን አያቆምም፣ ስለዚህ ትርፉ ኃይል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን እየፈጠረ አልጌውንም ኮራሉንም ይጎዳል። ያኔ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣዋል። የፖሊፑ ሥጋ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ወለል ብሎ ይታያል። እንስሳው ግን በሕይወት አለ። ተርቧል እንጂ። ክሮቹን ዘርግቶ ጥቃቅን ፍጥረታትን እያደነ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ የተረፉት አልጌዎች ይባዛሉ፣ ቀለሙም ይመለሳል። ካልቀዘቀዘ በረሃብና በበሽታ ያልቃል፣ አጽሙንም ሌላ ዓይነት አልጌ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የሞተው ብዙ ጊዜ ነጩ ሳይሆን ቡናማ ሽፋን የለበሰው ነው።

«አንድ ዲግሪ ምን ያመጣል?» የሚሉም አሉ። ጎንደር ጠዋትና ቀትር ላይ ሙቀቱ ከአሥር ዲግሪ በላይ ይለያያል፤ እኛ ሹራብ አውልቀን ሥራችንን እንቀጥላለን። ኮራል ላይ ግን ዋናው የቆይታው ርዝመት ነው። ውሃው በዓመቱ ሞቃታማ ወራት ከለመደው በላይ 1 ዲግሪ ጨምሮ 4 ሳምንት ያህል ከቆየ መንጣት ይጀምራል፤ 8 ሳምንት ሲደርስ ሞቱ ይበዛል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 ሰፊ መንጣት ታይቷል፤ አራተኛው በሚያዝያ 2024 ይፋ ሆኗል። ከ2010 ወዲህ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ከአሥር ዓመት ያነሰ መሆኑን ልብ በሉ። ብዙ ሪፍ (ኮራሎች የገነቡት የባሕር ውስጥ ክምር) ለማገገም አሥር ዓመት ገደማ ይፈልጋልና፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጫፍ የያዘ ተስፋ መጥቷል፦ «ኮራሉ አልጌውን ይቀይራል፣ በቃ።» እውነት አለው። ዱሩስዲኒየም የሚባል ሙቀት የሚችል የአልጌ ወገን አለ፤ እሱን በብዛት የያዘ ኮራል ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ተጨማሪ ሊቋቋም ይችላል። ግን ዋጋ አለው። ይህ አልጌ ለኮራሉ የሚያካፍለው ምግብ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፣ እድገቱም ይዘገያል። ደግሞም ሁሉም የኮራል ዝርያ እንደልቡ አይቀያይርም።

ቀይ ባሕርንም በአንድ ሚዛን አትመዝኑት። በሰሜን በኩል፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች የሚገርም ጽናት አላቸው። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ፣ ቅድመ አያቶቻቸው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ከደቡብ ሲገቡ በጣም ሞቃቱን ውሃ አልፈው መጥተዋል የሚል ነው። ዛሬ የሚኖሩት ቀዝቀዝ ባለው ጫፍ ስለሆነ እስከ ወሰናቸው ድረስ ብዙ ዲግሪ ይቀራቸዋል። ወደ ዳህላክ በኩል ያሉት ግን ድሮውንም ትኩስ ውሃ ውስጥ ናቸው፣ የቀራቸው ትርፍ ትንሽ ነው። «የቀይ ባሕር ኮራል ሙቀት አይፈራም» የሚል ጽሑፍ ስታገኙ፣ መጀመሪያ ስለ የትኛው ጫፍ እንደሚያወራ ጠይቁ።