አክተሩም የሚሞትበት ካርቱን፦ ለጨለም ያለ ወታደራዊ አኒሜሽን ጀግናና ባላንጣ እንዴት ይሠራል?

በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ያውቃል። የልጆች ወታደራዊ ካርቱንም በዚሁ ሕግ የቆመ ነበር። በአሻንጉሊቶች ላይ የተመሠረተው የአሜሪካ ካርቱን ጂ አይ ጆ በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲታይ ተዋጊዎቹ የሚተኩሱት ቀይና ሰማያዊ ጨረር ነው፤ አውሮፕላን ተመትቶ ሲጋይ ፓይለቱ በፓራሹት ሲወርድ ይታያል። በ2009 በአሜሪካ ለአዋቂዎች በሚያሳየው የቴሌቪዥን ክፍል በአደልት ስዊም ላይ የቀረበው «ጂ አይ ጆ፦ ሬዞሉት» ግን በዚያው ስም፣ በእነዚያው ገፀ ባሕርያት ሕጉን ሻረው። ጨረሩ ጥይት ሆነ፣ ሞስኮ ከካርታ ጠፋች፣ ከሁለቱም ወገን ተመልካች በስም የሚያውቃቸው ሰዎች ሞቱ። ክፍሎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ አብዛኞቹ አምስት አምስት ደቂቃ። አጭር፣ ጨለም ያለ ተከታታይ መሥራት ለሚፈልግ ቡድን ከዚህ የተሻለ የሚፈታታ ሞዴል ማግኘት ስለሚከብድ፣ ከዚህ በታች በተደጋጋሚ እንመለስበታለን።

ከሥዕሉ በፊት ሂሳቡ

አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ቋሚ ምስል) ሲሄድ 7,200 ፍሬም ይሆናል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩትም (አብዛኛው የእጅ አኒሜሽን እንዲህ ነው) አንድ ነገር ያለማቋረጥ ከተንቀሳቀሰ 3,600 ሥዕል ይጠይቃል። ለርዕስና ለስም ዝርዝር 20 ሰከንድ ቀንሱ፤ 280 ይቀራል። አንድ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ትዕይንት) በአማካይ 3 ሰከንድ ቢቆይ ወደ 93 ሾት ነው። ንግግሩ ከጠቅላላው ሲሶ በላይ እንዲወስድ አትፍቀዱ፤ ይኸውም 90 ሰከንድ ግድም ነው። አማርኛ በእርጋታ ሲነገር በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ስለሚሄድ፣ ለአንድ ክፍል ያላችሁ 180 ቃል ብቻ ነው። ለሦስት ተናጋሪ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 60 ይደርሰዋል።

ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ የሚጀምሩ ቡድኖች አሥራ አምስት ጀግና ይስላሉ። ከዚያ ሁሉም በየተራ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ክፍሉ ያልቃል፤ ተመልካቹ የማንንም ስም አይዝም። ልኩ በጀግኖች በኩል አምስት፣ በባላንጣ በኩል ሦስት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አፍ ከፍቶ የሚናገር ከአራት አይብለጥ።

ከባላንጣው ጀምሩ

በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ጀግናው ምላሽ ሰጪ ነው፤ ነገሩን የሚያስነሳው ባላንጣው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ነው። አራት ነገር ይኑረው።

አንደኛ፣ ትንሽና የሚገባ ቂም። «ዓለምን መግዛት እፈልጋለሁ» ቂም አይደለም። በማርቭል የጂ አይ ጆ ኮሚክ (የሥዕል መጽሔት) ውስጥ የጠላቱ ድርጅት የኮብራ መሪ ኮብራ ኮማንደር መነሻው ያገለገለ መኪና ሻጭ ነው፤ በመንግሥትና በግብር የተማረረ ሰው። ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። በሬዞሉት ኮብራ ኮማንደር ለዓለም መንግሥታት የሚሰጠው 24 ሰዓት ነው። የጊዜ ገደቡ ለጸሐፊው ትልቅ ዕዳ ያቃልላል፦ ጀግኖቹ ለምን እንደሚጣደፉ ማንም ማስረዳት የለበትም። ገደቡ ከክፍሎቹ ቁጥር ጋር ይመጣጠን። ለአሥር ክፍል 24 ሰዓት ጥሩ ነው፤ 24 ቀን ከሆነ ጥድፊያው ይሞታል፣ 24 ደቂቃ ከሆነ ደግሞ ጀግኖቹ ከአገር አገር ሲበሩ ማንም አያምንም።

ሦስተኛ፣ ዛቻው ከመነገሩ በፊት የተፈጸመ አንድ ነገር። ባላንጣው «አጠፋለሁ» ከማለቱ በፊት አንድ ጊዜ አጥፍቶ ይታይ። ይህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ካልሆነ ቀሪው ሁሉ ወሬ ነው።

አራተኛ፣ በገዛ ወገኑ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ። ሬዞሉት ላይ ሜጀር ብለድን የሚገድለው የገዛ አለቃው ነው። ይህ ጭካኔን ከማሳየት ያለፈ ሥራ አለው፤ ሌሎቹ ሎሌዎች ከዚያ በኋላ በፍርሃት ስለሚታዘዙ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሌላ ክብደት ያገኛል።

ከዋናው ባላንጣ ጎን ሁለት ሰው ይበቃል፦ እጁ የሆነ አንድ ፈጻሚ፣ ጥቅሙ ከአለቃው ጥቅም ጋር የሚጋጭ አንድ ሰው። ከኮብራ ጋር የሚሠራው ዴስትሮ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል፣ ዓለም ከጠፋ ማን ይገዛዋል? ይህ ዓይነቱ ግጭት በሁለት መስመር ንግግር ይታያል፤ ረጅም የሴራ ትዕይንት አይፈልግም።

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ባላንጣው ይፎክራል። ፉከራ በእኛ ዘንድ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ግን የአርበኛ ነው፤ ጎራዴ ይዞ በሕዝብ ፊት ለሚቆም ሰው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ከተማ የሚያጠፋ ሰው ሲፎክር ይቀልላል። ለእሱ በአንድ ክፍል ከ12 ሰከንድ ያልበለጠ ንግግር ስጡት፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጉት።

የጀግና ካርድ

የ1982ቱ የጂ አይ ጆ አሻንጉሊቶች ማሸጊያ ጀርባ ላይ ላሪ ሃማ የጻፋቸው ካርዶች ነበሩ፦ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቦታ፣ ዋና ወታደራዊ ሙያ፣ ሁለተኛ ሙያ። ለልጅ አሻንጉሊት የተጻፈ ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ቅጽ የለም። ምስጢሩ ሁለተኛው ሙያ ላይ ነው። ፈንጂ አምካኝ የሆነ ሃምሳ አለቃ ብቻ ከሆነ መሣሪያ ነው። ሁለተኛ ሙያው ሬዲዮ ጥገና ከሆነ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሥራ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፤ ፈንጂው እየቆጠረ ነው፣ ሬዲዮውም ሞቷል። ምርጫ መጣ፣ ታሪክ መጣ።

በዚያ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ምንም ቢመጣ የማያደርገው ነገር፣ የሚፈራለት ሰው፣ እጁ የለመደው አንድ ነገር (ጥይት እየቆጠረ መጫን፣ የጓደኛውን መቀነት ማጥበቅ)። የማያደርገውን ነገር በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ክፍል እንዲያደርግ ታስገድዱታላችሁ። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ የሚጻፈው።

የቡድኑን ቅርጽ ከእውነተኛው ሠራዊት ውሰዱ። የአሜሪካ እግረኛ ጓድ ዘጠኝ ሰው ነው፤ አንድ መሪና አራት አራት ሰው ያላቸው ሁለት ቡድኖች። አንዱን ቡድን ከነመሪው ውሰዱና አምስት ይሆናል፦ አዛዥ፣ የቡድን መሪ፣ መትረየሰኛ፣ ቦምብ ወንጫፊ፣ ጠመንጃ ያዥ። ከእነዚህ አንዱን ሐኪም ወይም ሬዲዮ ሠራተኛ ብታደርጉት ቅር የሚለው የለም።

የምስጢር ስም ስትሰጡ ሩቅ አትሂዱ። ታላላቆቹ አርበኞች የፈረስ ስም ነበራቸው፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ከሙያና ከጠባይ የሚወጣ፣ በጦር ሜዳ የሚጠራ አጭር ስም ነው፤ አሜሪካኖቹ በኋላ ለአሻንጉሊት ያደረጉት ይህንኑ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የታወቀ ሰው ስም ግን አትድገሙ፤ የራሳችሁን አውጡ። ደፈጣ ለሚችል አባ ሸምቅ ይበቃል። መለኪያው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊጮህ መቻሉ ነው።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በእጁ ያለ፣ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች የሌላቸው መሣሪያ ይህ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ያባክነዋል። ሁሉም ገፀ ባሕርይ ሁሉንም «አንተ» ካለ ማዕረጉ የት ገባ?

ሠንጠረዥ ሥሩ። ስምንቱን ሰዎች በቁመትና በአግድም ጻፉና ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ሙሉ። ከዚያ ሁለት ቦታ ብቻ ሰብሩት። ዕድሜው የገፋ ሃምሳ አለቃና ወጣት መቶ አለቃ አስቡ። ሲጀመር ወጣቱ ለዕድሜው ብሎ «እርስዎ» ይለዋል፣ ሽማግሌው ለማዕረጉ ብሎ «እርስዎ» ይለዋል። ስምንተኛው ክፍል ላይ ግንብ ሲናድ ሽማግሌው «ተኛ!» ብሎ ይጮሃል፤ «ይተኙ» አይልም። በዚያ አንድ ቃል አባትና ልጅ ሆኑ። ባላንጣው ደግሞ በግልባጩ ይሂድ፦ ምርኮኛውን ኮሎኔል «ይቀመጡ፣ ውኃ ይጠጡ» እያለ ይቆይና ሊገድለው ሲል «አንተ» ይበለው። ሽጉጡን ገና ሳያወጣ ተመልካቹ ያውቃል።

ማዕረጉም በቅደም ተከተል ይሁን፦ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ። መቶ አለቃ ሻለቃን ሲያዝዝ ያየ ወታደር የነበረ ተመልካች ቴሌቪዥኑን ያጠፋል። ከውጭ ፊልም የተገለበጠ ንግግርም ይታወቃል። «ጀርባህን ይዤልሃለሁ» የሚል ወታደር የለም፤ «አለሁልህ» ነው የሚለው። ሲገፋ «በለው!» ይላል።

መልክና ጥላ

ስምንቱንም ገፀ ባሕርያት ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቡና በሁለት ሴንቲ ሜትር ቁመት አትሙ። ማን ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ካልታወቀ ሥዕሉ ገና ነው። የራስ ቅርጽ፣ የትከሻ ስፋት፣ የተሸከሙት መሣሪያ፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መለያየት አለባቸው። ዩኒፎርም ሁሉንም ስለሚያመሳስል ወታደራዊ ካርቱን ላይ ይህ ከሌላው ዘውግ ይልቅ ይከብዳል።

ጭንብል ለባሹና ዝምተኛው የጂ አይ ጆ ጀግና ስኔክ አይስ ጥቁር የሆነው ለምስጢር ተብሎ አይደለም፤ በ1982 የቀለም ወጪ ለመቀነስ ሳይቀባ በጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ስለተሠራ ነው። ከዚያ ድህነት የወጣው ጥላ ከሁሉም በላይ ታወቀ። ጭንብሉና ዝምታው ለአኒሜተርም በረከት ናቸው፤ ከንፈር ማንቀሳቀስ የለም። በ1984 የኮሚኩ ቁጥር 21 ያለ አንድ ቃል ንግግር ሙሉ ታሪክ ሲተርክ፣ ባላንጣው ስቶርም ሻዶው የተዋወቀውም እዚያው ነው። ከስምንቱ ሁለቱን ጭንብል ብታለብሱ የከንፈር ሥራው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከሁለት በላይ ግን አይሁን፤ ተመልካች የሚያዝነው ፊት አይቶ ነው።

ሞት በመዝገብ

በ1987ቱ የጂ አይ ጆ የካርቱን ፊልም ከጀግኖቹ መሪዎች አንዱ የሆነው ዱክ እንዲሞት ተጽፎ ነበር። ከዚያ በፊት በ1986 የትራንስፎርመርስ ፊልም የጀግኖቹ መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ሞቶ ልጆች አለቀሱ፣ ወላጆች ተቆጡ፤ ስለዚህ ዱክ «ራሱን ስቶ ነው» የሚል ድምፅ ተጨመረበት። ሥዕሉ ሞት ነው፣ ድምፁ ሕይወት። ያየው ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል። መግደል ካልፈለጋችሁ ከመጀመሪያው አታቁስሉ።

ለአሥር ክፍል ሦስት ስም ያለው ሞት ይበቃል። አንዱ ቀድሞ፣ በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ክፍል፤ ሬዞሉት ባዙካ የተባለውን ጀግና በመጀመሪያ ያጣው ለዚህ ነው። አንዱ መሐል ላይ፣ ከባላንጣው ወገን። የመጨረሻው ዘጠነኛው ላይ። እያንዳንዱን በመዝገብ ያዙ፦ ሟቹ ያከናውነው የነበረውን ሥራ ከዚያ በኋላ ማን ወሰደ? መትረየሰኛው ከሞተ መትረየሱን የሚሸከም ሰው ቀጣዩ ክፍል ላይ ትከሻው ይዝመም፣ እርምጃው ይዘግይ። ይህ ካልታየ ሞቱ ተረሳ ማለት ነው፣ ጨለማውም ቀለም ብቻ ሆነ።

ተኩሱ እውነት እንዲመስል

ክላሽንኮቭ በደቂቃ 600 ገደማ ይተኩሳል፤ 30 ጥይት የያዘ ካርታ ጣት ሳይነሳ በ3 ሰከንድ ያልቃል። ጀግናው ለ15 ሰከንድ ያለማቋረጥ ሲተኩስ ካሳያችሁ አራት ጊዜ ካርታ መቀየር ነበረበት። ቀይሩለት፤ ያቺ ሁለት ሰከንድ የሚፈራበት ጊዜ ናት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ግድም ስለሚሄድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የፈነዳ ነገር ብርሃኑ ከታየ ከ3 ሰከንድ በኋላ፣ ማለትም 70 ፍሬም ያህል ዘግይቶ ይሰማል። ብዙ ሥራዎች ብርሃኑንና ድምፁን አንድ ላይ ያደርጉታል። ለይታችሁ ካስቀመጣችሁት ግን መሐል ያለው ጸጥታ ምንም ሙዚቃ የማይሰጠውን ፍርሃት በነፃ ይሰጣችኋል።

አኒማቲኩን ፈትኑ

ስቶሪቦርዱን (ታሪኩ በቅደም ተከተል የተሳለባቸውን ንድፎች) በጊዜው ደርድራችሁ በሻካራ ድምፅ አኒማቲክ ካደረጋችሁ በኋላ፣ ቀለም ከመጀመራችሁ በፊት ታሪኩን ለማያውቁ ሦስት ሰዎች ያለ ድምፅ አሳዩ። ሲያልቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ማን ነው አዛዡ? ማንን ትፈራላችሁ? በመጀመሪያው ላይ ከተሳሳቱ ችግሩ አቋቋምና የካሜራ ከፍታ ላይ ነው፤ አዛዡን ከሌሎቹ ለይታችሁ ባዶ ቦታ ስጡት። በሁለተኛው ላይ ከተለያዩ ባላንጣው ገና ምንም አልፈጸመም ማለት ነው፤ ወደ አንደኛው ክፍል ተመለሱ።

ከዚያ በድምፅ ድገሙት። 300 ሰከንዱ ማለፉ አይቀርም፣ ሁሌም 20 ወይም 30 ሰከንድ ይተርፋል። መቁረጡን ከባላንጣው ንግግር ጀምሩ፣ ቀጥሎ ከጀግኖቹ ቀልድ። ሰው ከሞተ በኋላ ያለውን የ4 ሰከንድ ዝምታ ግን አትንኩ፤ አዘጋጁ መጀመሪያ የሚጠቁማችሁ እሱን ቢሆንም።