የወሎ ኦፓል ስትገዙ

ኦፓል ሲዞር በተለያየ ቀለም የሚያብለጨልጭ የከበረ ድንጋይ ነው። ስትገዙ ድንጋዩን ደርቆ እዩት። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት ውሃ ከሞላ ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ቤት ሲደርቅ ስንጥቁ ብቅ አለ። አንጀቴ አረረ። ወሎ ውስጥ ከደላንታ የሚወጣው ኦፓል ውሃ ይመጥጣል። ሲርስ እንደ መስታወት ይጠራና የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል።

ከዚያ ብርሃን ላይ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ብልጭታው ከአንድ ጎን ብቻ ከታየ ዋጋ አስቀንሱ።

አቆራረጡ በብዛት ካቦሾን ነው፦ ከላይ ጉብ ያለ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ። ፋሴት የሚባለው ባለ ብዙ ገጽ አቆራረጥ እንደ ሻኪሶ መረግድ (ኤመራልድ) ላሉ ብርሃን አሳላፊ ድንጋዮች ይሻላል።

ዕቃ ስታጥቡ የኦፓል ቀለበታችሁን አውልቁ። ሳሙናና ዘይት ይገባበታል። ከረጠበም እሳት አጠገብ አታድርቁት፤ ቀናት ቢፈጅም ጥላ ውስጥ ይድረቅ።